በመንዝ ግርጌ የተኛው ሐዲድ

ከአዋሽ ተነሥቶ በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በከሚሴ አካባቢ አልፎ ኮምቦልቻ የሚደርሰው፣ ከዚያም በወልድያ አጠገብ እስካለችው እስከ ሐራ ገበያ እንዲዘልቅ የታሰበው የምድር ባቡር መሥመር፣ መሠረቱ በ2007 ዓ.ም. ከተጣለ እነሆ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ርዝመቱ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚደርስ፣ ወጪውም ወደ 1.7 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር የተገመተ፣ ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ሥራ ተቋራጭ የተዋዋለው፣ ገንዘቡም ከባሕር ማዶ ባንኮች በብድር የተገኘ ታላቅ ሥራ ነው። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል ሐዲዱ ተነጥፎ፣ ድልድዩ ተዘርግቶ፣ ተራራው ተሰርስሮ ለፍጻሜ ጥቂት ሲቀረው የኤሌክትሪኩ ኃይል ሳይደርስለት ቀረ፤ ገንዘቡም አጠረ፤ በላዩ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ኮምቦልቻ ሲገባ የሥራው ንብረት ተዘረፈ። ከዚያ ወዲህ በሰሜን ሸዋ፣ ከመንዝና ከግሼ አፋፍ በታች በተዘረጋው ቆላ ላይ ሐዲዱ መደበኛ ባቡር ሳይሄድበት ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቁበታል።

ይህ መሥመር ነፍስ እንዲዘራ የሚሹ ሰዎች ብዙዎች ናቸው፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ። ነገር ግን ስለ ባቡር በተነሣ ቁጥር የምንሰማው ሐተታ ሁልጊዜ ከወደብ ይጀምርና በወደብ ይፈጸማል፤ ስንት ቶን ዕቃ በስንት ሰዓት ጅቡቲ እንደሚደርስ፣ ስንት ከባድ መኪና እንደሚተካ፣ ስንት የውጭ ምንዛሪ እንደሚድን በሰፊው ሲተነተን፣ ሐዲዱ የሚያልፍበት አገርና በዚያ የሚኖረው ሕዝብ ግን በነገሩ ውስጥ ስፍራ አያገኙም፤ ድልድይ የሚሻ ወንዝና ዋሻ የሚሻ ተራራ ተደርገው ይቆጠራሉ እንጂ ዕቃ ጫኝና ዕቃ ተቀባይ ተደርገው አይታሰቡም። እኔ የምለው መሥመሩ ይነሣ፣ ሲነሣ ግን በመካከል ላለው ሰው የሚቆም ባቡር ሆኖ ይነሣ፣ ለሁለቱ ጫፎች ብቻ ተብሎ ከተነሣ ግን ሁለተኛ መውደቁ አይቀርም ነው።

ስለዚህ ነገር ሸዋ ከጥንት የቆየ ምስክር አላት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት መናገሻው አንኮበር በነበረ ጊዜ፣ የሸዋ የንግድ በር ከአንኮበር ተራራ ሥር ያለችው አልዩ አምባ ነበረች። ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሓ አቋርጦ የሚመጣው ግመል፣ ከሐረር በኩልም የሚደርሰው ሲራራ ነጋዴ፣ በዚያች የእስላም ነጋዴዎች ከተማ ጭነቱን ያራግፍ ነበር፤ ግመል ዳገቱን አይደፍረውምና ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የአህያና የበቅሎ ነው። በ1830ዎቹ ዓመታት ወደ ንጉሡ የመጡት የእንግሊዝና የፈረንሳይ መልእክተኞች ሁሉ ወደ ሸዋ የገቡት በዚሁ በምሥራቁ በር ነው። ኋላ ግን መናገሻው ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር፣ የምድር ባቡሩም ከደቡብ ምሥራቅ በኩል ወደ አዲሲቱ ከተማ ሲገባ፣ አልዩ አምባ ከመንግሥት በርነት ወርዳ እንደ ማንኛዪቱም የቆላ ከተማ ገበያተኛዋን የምትጠብቅ ሆነች። ጠላት አላቃጠላትም፣ ቸነፈር አልፈታትም፤ መንገዱ ብቻ ሌላ ስፍራ ሄደ።

የሐረርም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊስ ተወላጁ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ ሲሰጡ፣ መሥመሩ በመጀመሪያ ከጅቡቲ ሐረር እንዲገባ የታሰበ ሲሆን፣ የሐረር ዳገት ለሥራውም ለገንዘቡም የከበደ በመሆኑ መሐንዲሶቹ በቆላው በኩል ማለፍን መረጡ፤ ሐዲዱም በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር ሲደርስ በባዶው ሜዳ ላይ አዲስ ሐረር የተባለች፣ ኋላ ድሬዳዋ የሆነች ከተማ ተቆረቆረች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለዘመናት የምሥራቅ ንግድ እምብርት ሆና የኖረችው ሐረር ቡናዋን አውርዳ ለድሬዳዋ ነጋዴ የምታስረክብ ሆነች። ሐዲድ ወደ ደጋ ካልወጣ ደጋው ወደ ሐዲድ ይወርዳል፤ ይህም በራሱ ክፋት የለበትም፤ ክፋቱ ያለው የሚወርደው ሰው መንገድና መጋዘን፣ ዋጋ የሚደራደርበትም ማኅበር ሳይኖረው በወረደ ጊዜ ነው።

ወደ መንዝ ስንመለስ፣ መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ያላት ስትሆን ሸዋ ሮቢት ከ1,300 ሜትር ብዙ አትርቅም፤ ስለዚህ ባቡር መንዝ ይውጣ የሚል ሰው ካለ ሕልም ያልማል፤ ከመንዝ የሚጠበቀው ወደ ባቡሩ የሚወርድበትን መንገድ ከወዲሁ መጠየቅ ነው። የመንዝ ጌራና የግሼ ሰው ቆላ መውረድን ከአባቱ የተማረው ነው። በርኖሱን ደርቦ ገብሱን፣ ባቄላውንና ምስሩን በአህያ ጭኖ፣ በጎቹን እየነዳ ወደ አጣዬ፣ ወደ ማጀቴና ወደ መኮይ ገበያ ይወርዳል፤ ሲመለስ ማሽላና በርበሬ፣ ጨውና ጥጥ ይዞ ይወጣል። ደጋና ቆላ በዚህ ዓይነት ተደጋግፈው ኖረዋል፤ የሚያሳዝነው ግን ይህ ሁሉ ድካም ከቆላው ገበያ አለማለፉ ነው።

አሮጌው የምድር ባቡር ምን እንደነበረ ዛሬ የሚያስታውሰው ሰው እያነሰ ስለ ሄደ ጥቂት ልበል። ምኒልክ ሳያዩት ዐርፈው በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ይህ ባለ 784 ኪሎ ሜትር መሥመር ቀርፋፋ ነበር፤ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ ከባድ ጭነት አይችልም ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደግሞ ከመሄድ መቆሙ ይበዛ ነበር። ነገር ግን ይቆም ነበር! ሞጆ ይቆማል፣ መተሐራ ይቆማል፣ አዋሽ ይቆማል፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር እያለ ይቆማል። ፉርጎው በቆመ ጊዜ ሴቶች ዘንቢላቸውን በራሳቸው ላይ አድርገው ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ፤ አንዱ ፍየል ይጭናል፣ አንዱ ከሰል ያወርዳል፣ የጣቢያው ሹም ባንዲራውን ጠቅልሎ እስኪዘረጋ ድረስ ግማሽ ገበያ ተገብይቶ ያልቃል። ሊቶሪና የተባለው የመንገደኛ ባቡር በመጣ ጊዜ ደግሞ ምሁሩና ሹሙ ሳይቀር በአዋሽ ጣቢያ ወርዶ በቡፌ ደ አዋሽ ጥላ ሥር ምሳውን ይበላ ነበር። በዚህ መሥመር ላይ ያሉት ብዙዎቹ ከተሞች ከመቆም የተወለዱ ናቸው፤ ባቡሩ ውኃ ሊቀዳ፣ ሹሙ ሊያድር፣ ነጋዴው ሊያራግፍ በቆመበት ስፍራ ቤት ተሠራ፣ ቤቱ መንደር ሆነ፣ መንደሩም ከተማ ሆነ።

ያም መሥመር መከራ አላጣውም። በሱማሌ ወረራ ጊዜ ድልድዮቹ ፈርሰው ጉዞው ተቋርጦ ነበር፤ በ1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ ባቡሩ ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰው ማለቁ ከማይረሱት የአገራችን ሐዘኖች አንዱ ነው። ከዚያም በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጀመረው ጥገና ሳይፈጸም ቀረ፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚደረገው ጉዞ ጨርሶ ጸጥ አለ። እንዲህ ቢሆንም፣ መቶ ዓመት ያህል በዚያ በረሓ ሊኖር የቻለው በሐዲዱ ዳር የሚኖረው ሰው የእኔ ነው ስላለው ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ።

በ2009 ዓ.ም. መስከረም የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ መሥመር በፍጥነቱም በኃይሉም ከአሮጌው የሚወዳደር አይደለም፤ ማዳበሪያና ስንዴ፣ ኮንቴይነርና መኪና ሲያጓጉዝ ማየት የሚያስደስት ነው። ጣቢያዎቹ ግን ከከተሞቹ ወጣ ብለው የተሠሩ ስለ ሆኑ ተሳፋሪው ባቡር ለመሳፈር ሌላ መኪና መሳፈር አለበት፤ በትንንሾቹ ስፍራዎች የሚኖረውም ሰው ከባቡሩ የሚያገኘው አቧራውንና ድምፁን ነው። አርብቶ አደሩ ከባቡሩ ጋር የሚገናኘው ግመሉ ወይም ላሙ በተገጨ ጊዜ፣ ስለ ካሣው በሚከራከርበት ቦታ ነው። ከዚያ በኋላ የመሥመሩ ብረትና ሽቦ ተሰረቀ ሲባል እንቆጣለን፤ መስረቅ ኃጢአት መሆኑን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን የጥበቃ ዘብ በየሜትሩ ሊቆም ስለማይችል፣ ረጅም ሐዲድ በመጨረሻው የሚጠበቀው በዳሩ ባለው ሕዝብ ፈቃድ ነው።

ይህን ለመረዳት የመንዝ ሰው ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም፤ ጓሳን ማየት ይበቃዋል። በመንዝ ጌራ አፋፍ ላይ ያለው የጓሳ ምድር ከቀደምት አባቶች ከአስቦና ከጌራ ጀምሮ በዘር ሲወርድ ሲዋረድ በመጣ፣ ቀሮ በተባለ የጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት የተጠበቀ የጋራ ርስት ነው። ሳሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ክረምት ሲሆን እረኛው ለሚደርበው ገሳ ይሆናል፤ ጭራሮው ለማገዶ ነው። ምድሩ ተከልሎ ሦስትም አምስትም ዓመት ያህል ማንም ሳይነካው ይከርምና፣ በተፈቀደ ጊዜ ባለመብቱ ሁሉ ገብቶ በሥርዓት ያጭዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ የጥንቱ ርስት ሲሻር ሥርዓቱም አብሮ ቢናወጥም፣ ሕዝቡ በአዲስ ደንብ መልሶ አቋቁሞት ዛሬ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ሳይቀሩ በዚያ ተጠልለው ይኖራሉ። ይህን ሁሉ ዘመን ጓሳን የጠበቀው የመንግሥት ወታደር አይደለም፤ ድርሻ ያለው ሰው ነው። የባቡሩን መሥመር የሚያስነሡት ባለሥልጣኖች ከፈረንጅ አማካሪ አስቀድመው የመንዝን ሽማግሌዎች አንድ ቀን ቢያነጋግሩ የሚጎዱ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ጥቅሙ ልምጣ። ለግሼና ለመንዝ ገበሬ የሚመጣው ማዳበሪያ ከጅቡቲ ተነሥቶ በአዋሽ በኩል ሲያልፍ፣ በቀጥታ ወደ ሰሜን መታጠፍ ሲችል ወደ ምዕራብ ወጥቶ ሞጆ ወይም አዲስ አበባ አጠገብ ይራገፋል፤ ከዚያ በከባድ መኪና ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን ጣርማበር፣ ከጣርማበር በመዘዞና በሞላሌ አድርጎ መሐል ሜዳ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አይሱዙውና አህያው ይካፈሉታል። ይህ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ኪራዩ በኩንታሉ ላይ የሚደመር ሲሆን፣ ከዋጋው የሚከፋው ደግሞ መዘግየቱ ነው፤ ከዘር ጊዜ በኋላ የደረሰ ማዳበሪያ ለገበሬው ዕዳ ብቻ ነው። ሐዲዱ ቢሠራና ሸዋ ሮቢት ላይ መጋዘን ቢኖር መንገዱ በብዙ ያጥራል፤ ከአጣዬና ከማጀቴ ወደ ጌራና ወደ ግሼ የሚያወጣው መንገድ ክረምት ከበጋ ከባድ መኪና የሚችል ቢሆን ደግሞ ከዚያም ይበልጥ ያጥራል።

የሚወርደውም ዕቃ ከሚወጣው የሚያንስ አይደለም። የመንዝ በግ በብርድ አገር የለመደ፣ ጸጉራም፣ ጥቂት በልቶ የሚያድር ጠንካራ ዘር መሆኑ የታወቀ ነው፤ ከጸጉሩ ባናና በርኖስ፣ ዝተትም ይሠራል። ዛሬ ይህ በግ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ እግሩ ታስሮ፣ ወይም በአይሱዙ ጀርባ ላይ ተጨናንቆ ነው፤ ከጣርማበር ብርድ ተነሥቶ ገበያ እስኪደርስ ግማሽ ሥጋውን በመንገድ ይጥላል፤ የሞተውም የነጋዴው ኪሳራ ይሆንና ነጋዴው በሚቀጥለው ቅዳሜ ከገበሬው ላይ ያካክሰዋል። ቆላው ደግሞ በማሾው፣ በሽንኩርቱና በፍራፍሬው ይታወቃል፤ ማሾው ከአገር ውጭ የሚሸጥ ስለ ሆነ ወደ ወደብ የሚሄድ ጭነት ከወዲሁ አለ ማለት ነው። በ1966ና በ1977 ዓ.ም. ክፉ ቀን የመጣበት አገር እንደ መሆኑም መጠን፣ ዝናብ በቀረ ጊዜ እህል በፍጥነት የሚያስገባ ሐዲድ በግርጌው ቢኖረው ምን ያህል ነፍስ እንደሚያድን መናገር አያስፈልግም።

በዚያው በሰሜን ሸዋ ስላለው ስለ መርሐቤቴ ግን እውነቱን መናገር ይገባል። መርሐቤቴ ፊቱ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ነው፤ ዓለም ከተማ ከአዲስ አበባ ጋር የምትገናኘው በለሚና በሙከጡሪ በኩል የጀማን ገደል ወርዶ በሚወጣው መንገድ ነውና፣ በምሥራቁ ቆላ የሚያልፈው ባቡር ለእርሷ የሚሰጠው ጥቅም እጅግ ሩቅ ነው። ስለ ባቡር የሚጽፉ ሰዎች ሐዲድ በአንድ አውራጃ ካለፈ አውራጃው ሁሉ ይባረካል ማለት ይወዳሉ፤ ይህ ከንቱ ተስፋ ነው። የመርሐቤቴ ሰው ባቡር ይመጣልሃል ተብሎ የጀማ መንገድ ጥገና እንዳይዘነጋበት ቢጠነቀቅ ይሻለዋል።

የተኛ ሐዲድ ማስነሣት በዓለም የታየ ነገር ነው፤ ከጎረቤቶቻችን ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ። ኤርትራውያን በጦርነቱ ዘመን ተነቅሎ ለምሽግ የዋለውን የምጽዋና የአሥመራ ሐዲድ፣ ጡረታ የወጡትን አሮጌ ሠራተኞች ጠርተው፣ ብረቱን ከየምሽጉ ሰብስበው በ1995 ዓ.ም. ገደማ መልሰው አቆሙት፤ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወጣ ድንቅ መሥመር ነው። የሕዝቡ ትጋት ሊመሰገን የሚገባው ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላ ባቡሩ በአብዛኛው የሚመላለሰው ጎብኚ ሲመጣ ነው፤ ትዝታው ተነሣ እንጂ ንግዱ አልተነሣም። ኬንያውያን ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ከሞምባሳ ናይሮቢ በብዙ ብድር አዲስ መሥመር ካስመረቁ በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም. ገደማ የተተወውን አሮጌ የናይሮቢና የናንዩኪ መሥመር በጥቂት ገንዘብ ጠግነው አስነሡት፤ ከኬንያ ተራራ ሥር ላሉት የእርሻ ከተሞች ነዳጅና ሰው መልሶ ይመላለስ ጀመር። ከሁለቱ የሁለተኛው አብነት ለእኛ የሚቀርብ ይመስለኛል፤ ትሑት ነው፣ ርካሽ ነው፣ በመንገዱ ያሉትንም ከተሞች አልናቀም።

የሚቃወሙ ሰዎች የሚያነሧቸው ምክንያቶች ቀላል አይደሉም። ዕዳ አለ ይላሉ፤ አለ፤ ግን ባቡሩ ቢሄድም ባይሄድም ዕዳው ይከፈላል። ኤሌክትሪኩ አልተሟላም ይላሉ፤ የኬንያ አዲሱ መሥመር የሚሄደው በናፍጣ ነው፣ የእኛም አሮጌው መሥመር በመጨረሻዎቹ ዐሥርት ዓመታት በናፍጣ ይሄድ ነበር፤ ሽቦው እስኪደርስ ድረስ ጥቂት የናፍጣ ባቡሮች ጭነት ቢያመላልሱ ሐዲዱ ከመዛግ ይድናል። ወልድያ ሳይደርስ ምን ይጠቅማል ይላሉ፤ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብና የኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት ከተማ ናት፣ ያለ ወልድያም የሚጫንላት ዕቃ አላት። ጸጥታ የለም ይላሉ፤ ለዚህኛው መልስ የለኝም። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል ያየ፣ ዛሬም በአማራ ክልል የሚሰማውን ተኩስ የሚሰማ ሰው፣ ሰላም ሳይመጣ ባቡር ይምጣ ብሎ ለመጻፍ ብዕሩ ይከብደዋል። ሆኖም ዕቅድ ማውጣት ሰላምን አይጠብቅም፤ ሰላም በመጣ ማግሥት ዕቅዱ ዝግጁ ካልሆነ ሌላ ዐሥር ዓመት እናጣለን።

ስለዚህ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን መሥመሩን ለማስነሣት ሲሰናዱ፣ የሰሜን ሸዋን ዞን አስተዳደርና የገበሬውን የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ከጅምሩ ጠርተው ያማክሩ፤ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ የጭነት ባቡር በተወሰነ ቀን የሚቆምበትን፣ የማዳበሪያ መጋዘንና የከብት መጫኛ በረት የሚሠራበትን በጽሑፍ አስፍረው ያስታውቁ፤ የክልሉም መንግሥት ከአፋፉ ወደ ሐዲዱ የሚወርዱትን መንገዶች ከባቡሩ ጋር እኩል ይጀምር። በሸዋ ሮቢት የማይቆም የጭነት ባቡር ለሰሜን ሸዋ ገበሬ ምንም እንዳልተሠራለት ይቆጠራል።